ወረቀት፣ ስልክ ወይስ ሶፍትዌር? ለአዳማ ፋብሪካ የጥገና መመሪያ አመራረጥ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኮምፕረሰር ሲቆም ተረኛው ቴክኒሻን ማኑዋል አይገልጥም። ይደውላል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት። ያ ኮምፕረሰር ደግሞ ቆመ።» ጋሼም ከአልጋቸው ሳይነሱ «መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፋው፣ አየሩንም አስተንፍሰው። ከዚያ ከኋላ ያለችውን ትንሿን ቫልቭ ፈተህ እያት» ይሉታል። ማሽኑ ይነሳል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በብዙ ፋብሪካ የሚሠራበት የጥገና መመሪያ ይኸው የጋሼ ስልክ ነው። ፈጣን ነው። ወጪ የለውም። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ስለዚህ ዲጂታል መመሪያ ላስገባ የሚል የጥገና ኃላፊ አንዱን ሶፍትዌር ከሌላው ከማወዳደሩ በፊት ሁለቱንም ከዚህ ስልክ ጋር ያወዳድር። ከመደወል ይልቅ የሚያደክም ከሆነ ማንም አይከፍተውም። ችግሩ ጋሼ አንድ ቀን ጡረታ ይወጣሉ። ወይ ደግሞ የተሻለ የሚከፍል ፋብሪካ ይወስዳቸዋል።

ዲጂታል የሥራ መመሪያ ስል ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ወፍራም ማኑዋል ማለቴ አይደለም። አንድን ሥራ፣ ለምሳሌ የወፍጮ ቺንጋ መቀየርን፣ ማሽኑ አጠገብ ለቆመ ሰው በስልክ ወይም በታብሌት ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ነው። ፎቶ አለው፣ የቁልፉ ቁጥር አለው፣ ልኩ አለው። ጥሩው ደግሞ ከቴክኒሻኑ መልስ ይቀበላል። የተለካው ቁጥር ካልገባ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም።

መመሪያ ስላለ ብቻ ሥራው በመመሪያ ይሠራል ማለት አይደለም። በሰኔ 1982 ዓ.ም. ከበርሚንግሃም ወደ ስፔኗ ማላጋ ይበር የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን የፊት መስታወቱ አየር ላይ ተገነጠለ። ካፒቴኑ ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተስቦ፣ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው ተረፈ። ምርመራው ያገኘው ነገር ለጥገና ሰው በጣም የተለመደ ነው። መስታወቱ ሲቀየር ከገቡት 90 ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው የቀጠኑ ነበሩ። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። የሠራው ሰው ልምድ ያለው ኃላፊ ነው። ብሎኖቹን የመረጠው ከአሮጌዎቹ ጋር በዓይን እያስተያየ ነበር። ትክክለኛው ቁጥር በሰነዱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሥራው ቦታ ላይ ግን አልተከፈተም።

መጀመሪያ ማሽኖቻችሁን ቁጠሩ

ምርጫው የሚጀምረው ከሶፍትዌር ሳይሆን ከዚህ ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች እዩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን አለው። እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት ነው። እንዲህ አንድ ዓይነት ማሽን በብዛት ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ የተጻፈ መመሪያ መቶ ጊዜ ያገለግላል። ፎቶ ማንሳቱ፣ መጻፉ፣ ማረሙ ሁሉ ዋጋውን ይመልሳል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት የልብስ ፋብሪካዎችም እንደዚሁ ነው። መቶ የስፌት ማሽን ተደርድሮ እያለ መመሪያ አለመጻፍ ኪሳራ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ መካከለኛ የዱቄት ፋብሪካ አስቡ። ወፍጮው ከቱርክ፣ ኮምፕረሰሩ ከቻይና፣ ማሸጊያው ከሌላ አገር፣ ጀነሬተሩ ሁለተኛ እጅ። ሁሉም አንድ አንድ ነው። እዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን ሙሉ መመሪያ ልጻፍ ያለ ሰው ሳይጨርስ ይሰለቻል። እንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ምርት በሚያቆሙና ሰው በሚጎዱ ጥቂት ሥራዎች ይጀምር። የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ማታ ጋሼ የሚደወልላቸው በየትኞቹ እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል።

በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት

ወረቀትን የሚንቅ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ባትሪ አያልቅበትም። ኔትወርክ አይፈልግም። ግራሶ የነካው እጅ አይከለክለውም። ካይዘን የሚባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የገባበት ፋብሪካ ከሆነ፣ አምስቱን «ማ»ዎች (የሥራ ቦታን ሥርዓት ማስያዣ ደንቦቹን) የለመደ ሠራተኛ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈን ነገር ማየት ያውቅበታል።

የዱቄት ፋብሪካ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። አየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ በበቂ መጠን ሲሆን በብልጭታ ይፈነዳል። ኪሳችን ውስጥ ያለው ተራ ስልክ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ የተሠራ አይደለም። ለዚያ የተፈቀደላቸው ልዩ ስልኮችና ታብሌቶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። ስለዚህ ብናኝ በሚበዛበት ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ይቆይ፣ ስልኩ ውጭ ይሁን።

የወረቀት ድክመቱ ሲታረም ነው። አንድ ልክ ሲቀየር አሮጌው ከግድግዳ ካልተነቀለ ሁለት እውነት ይኖራል። ደግሞ ወረቀት ማን እንደሠራ፣ ምን እንደለካ አይነግራችሁም። ቼክሊስቱ ላይ በፈረቃው መጨረሻ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ✓ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህን የማያውቅ ፎርማን የለም።

ኪውአር ኮድ፣ ፒዲኤፍና ቴሌግራም

ብዙ ቦታ ዲጂታል መመሪያ ሳይታሰብ የተጀመረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። አንዱ የፓኔሉን ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌላው ቪዲዮ ይልካል። ጠቃሚ ነው፤ ግን መመሪያ አይባልም። ከሦስት ወር በኋላ ያ ቪዲዮ በበዓል ሰላምታና በደሞዝ ጥያቄ ሥር ተቀብሯል። ቢገኝም የመጨረሻው እሱ መሆኑን ማንም እርግጠኛ አይደለም።

ትንሽ ሥርዓት ቢገባበት ግን ከሁሉም ርካሹ አማራጭ ይህ ነው። ከግሩፕ ይልቅ ቻናል ክፈቱ፤ የሚለጥፈው ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ብቻ ይሆናል። ወይም ፋይሉን ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጡና የሊንኩን ኪውአር ኮድ ማሽኑ ላይ ለጥፉ። ሲታረም አዲስ ፋይል ከመጫን ይልቅ እዚያው ፋይል ላይ አዲሱን ቅጂ መተካት ይቻላል። ሊንኩ አይቀየርም፣ ኮዱም እንደገና አይታተምም። ኔትወርክ ለሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ የፋብሪካው ታብሌት ላይ ከመስመር ውጭ እንዲከፈት ይደረግ።

ስቲከሩን ተራ ወረቀት አታድርጉት። የአዳማ ነፋስና አቧራ፣ በዚያ ላይ የማሽኑ ሙቀት፣ በአጭር ጊዜ ያጠፋዋል። ብረት ላይ የተቀረጸ ወይም በጥሩ ፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን። የሚለጠፈውም በሚፈታ ክዳን ላይ ሳይሆን የማይነቃነቅ አካል ላይ ነው። ክዳን ይቀያየራል፤ ያኔ የአንዱ ማሽን ኮድ ሌላው ላይ ይገኛል።

የፎርም መተግበሪያ

እኔ ለመካከለኛ ፋብሪካ በጣም የማደላው ለዚህኛው ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም። ኦዲኬን የመሰለ መተግበሪያ ለመረጃ መሰብሰቢያ የተሠራ ነው። የጤናና የቤት ለቤት ጥናት ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ከጫናችሁት የፈቃድ ክፍያ የለውም። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ሲገኝ ይልካል። ጥያቄው ላይ ፎቶ ማስገባት ይቻላል። «የሞተሩ ሙቀት ስንት ነው?» ብሎ ቁጥሩ ከልክ በላይ ከሆነ ወደ ሌላ እርምጃ መውሰድ ይችላል።

ከሁሉም በላይ አንድ ፎርም ውስጥ ብዙ ቋንቋ ይይዛል። አዳማ ላይ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በአንድ ፈረቃ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚቀለው አለ፣ አማርኛ የሚቀለው አለ። ማኑዋሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዳንዴ ፓኔሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። ቴክኒሻኑ ቋንቋውን መርጦ ያነብባል፣ የሚገባው መረጃ ግን አንድ ቦታ ይከማቻል።

ጉድለት አለው። የመለዋወጫ ክምችት አያውቅም። የጥገና ቀን አያስታውስም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድር አንድ አይቲ የሚያውቅ ልጅም ይፈልጋል። እሱ ከለቀቀ ተከታይ ሊኖረው ይገባል።

የጥገና አስተዳደር ሶፍትዌር

በሙያው ሲኤምኤምኤስ የሚባለው ነው። የሥራ ትእዛዝ ያወጣል፣ የመለዋወጫ ክምችት ይይዛል፣ የማሽኑን ታሪክ ያስቀምጣል፣ መመሪያውንም ከሥራው ጋር ያያይዛል። «ይህ ኩሽኔታ በዓመት ስንቴ ተቀየረ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ማሽን የበዛበትና የጥገና እቅድ ያለው ትልቅ ፋብሪካ ካለዚህ መቆየት ይከብደዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ክፍያው ነው። የውጭዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በተጠቃሚ ቁጥር፣ በየወሩ፣ በዶላር ያስከፍላሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ ስለሚወሰን የዘንድሮ በጀት ለከርሞ ላይበቃ ይችላል። ክፍያው ሲቋረጥ መመሪያዎቹ ምን ይሆናሉ? ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውርዶ መውጣት ይቻላል? ሻጩ ይህን በቃል ሳይሆን እዚያው ፊታችሁ አውርዶ ያሳያችሁ። እንደ ኦፕንሜንት ያሉ ክፍት ሶፍትዌሮችም አሉ፤ የፈቃድ ዋጋው ይቀራል፣ የመጫንና የማስተማር ሥራው ግን አይቀርም።

ሁለተኛው የቀንና የሰዓት ጣጣ ነው፤ ሻጭ ይህን አያነሳላችሁም። ሲስተሙ 08:00 ያለውን ተረኛው «ስምንት ሰዓት» ብሎ ካነበበው ሥራው ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። የቀን መቁጠሪያውም የፈረንጅ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ካርድ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ሲስተሙ በእነሱ ከሆነ የማሽኑ ታሪክ ይዘበራረቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። የጥገናውን ጊዜ በተቻለ መጠን በቀን ሳይሆን ማሽኑ በሠራበት ሰዓት ወስኑ። ኮምፕረሰሩ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ጳጉሜን አያውቅም፣ ጥርንም አያውቅም። ማሽን ቆሞ የዋለበት ቀንም አይቆጠርም።

ለመመሪያ ብቻ የተሠሩት፣ ስማርት መነጽሩም

እንደ ዶዙኪ ያሉ ለሥራ መመሪያ ብቻ የተሠሩ መድረኮች አሉ። የቅጂ ቁጥጥራቸውና የማጽደቂያ ሥርዓታቸው ጠንካራ ነው። ብዙ አዲስ ሠራተኛ ለሚያሠለጥን፣ የውጭ ገዢ ኦዲት ለሚያደርገው ፋብሪካ ይመቻሉ። ለሌላው የቅንጦት ዕቃ ናቸው።

መመሪያውን ዓይን ፊት የሚያሳየው ስማርት መነጽርስ? ለጊዜው ይለፋችሁ። ጉግል የኢንተርፕራይዝ መነጽሩን መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ማይክሮሶፍትም ሆሎሌንስ 2ን ማምረት ማቆሙን በ2024 አሳውቋል። ግዙፎቹ ያልዘለቁበትን ነገር አንድ የአዳማ ፋብሪካ መለዋወጫና ጠጋኝ ሳያገኝ ተሸክሞት ይቀራል።

ምን ተጽፎበታል?

መሣሪያው የቱም ቢሆን ውስጡ ያለው ጽሑፍ ደካማ ከሆነ ገንዘቡ ባክኗል። አንድ እርምጃ በቅርበት እንይ። ብዙ መመሪያ ላይ «ቺንጋውን ቀይርና አጥብቅ» ይላል። ምን ያህል? ልምድ ያለው በእጁ ያውቀዋል። አዲሱ ግን ወይ አላልቶት ቺንጋው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፣ ወይ አጥብቆት የሞተሩን ኩሽኔታ ይገድለዋል።

ተስተካክሎ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል። «ብሬከሩን አጥፋ። የራስህን ቁልፍ ቆልፍበት፣ ስምህ ያለበትን ታግ አንጠልጥል። መብራት መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጥ፤ ቴስተሩን ራሱን ግን ከመለካትህ በፊትም በኋላም መብራት ባለበት መስመር ላይ ሞክረው። ማስነሻውን ተጭነህ ሞተሩ አለመነሳቱን እይ። የሞተሩን ብሎኖች አላልተህ ሞተሩን ወደ ውስጥ ግፋ፤ ቺንጋውን በካቻቢቴ ፈልቅቀህ አታውጣ። ያሉትን ቺንጋዎች በሙሉ አንድ ላይ ቀይር፤ አሮጌና አዲስ አትቀላቅል። በሁለቱ ፑሊዎች መሃል ያለው ርቀት 600 ሚሊሜትር ስለሆነ መሃሉ ላይ ሲጫን 10 ሚሊሜትር ገደማ መርገብ አለበት። ከ24 ሰዓት ሥራ በኋላ ደግመህ ለካ።»

ያ 10 ሚሊሜትር ከሰማይ አልወረደም። ለየ100 ሚሊሜትሩ ርቀት 1.6 ሚሊሜትር የሚለው የተለመደ ልክ ነው። የሚጫነው ኃይል ደግሞ ከቺንጋው አምራች ሰንጠረዥ ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ፎቶ ላይ በቀስት ከታየ ቃሉም ግማሽ ይሆናል።

ከማኑዋል እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም። የሞተር መደበኛ አቅም የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ሳሳ ሲል ሞተር የመቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ለዚህ ከፍታ ታስቦ ያልታዘዘ ሞተር ላይ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው የብረት ሳህን የተጻፈውን አምፔር እንደ መጨረሻ ልክ መጻፍ ቴክኒሻኑን ማሳሳት ነው። የአየር ማጣሪያ መቀየሪያ ጊዜም ለአዳማ አቧራ የተጻፈ አይደለም። እነዚህን የሚያውቁት ጋሼ ናቸው። መመሪያው ሲጻፍ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ እሳቸው ይሠራሉ፣ አንዱ ይቀርጻል፣ ሌላው ይጽፋል። ስማቸውም መመሪያው ላይ ይቀመጥ። ዕውቀታቸውን ሰጥተው ባዶ እጃቸውን የሚቀሩ መስሏቸው ቢደብቁት ማንም አይፈርድባቸውም።

የሚያርመው ማን ነው?

አማራጭ ስትመርጡ ከዋጋ በፊት ይህን ጠይቁ። ቴክኒሻኑ «ደረጃ 6 ላይ የተጻፈው 13 ቁልፍ አይገባም፣ 14 ነው» ሲል የት ይጽፈዋል? ማን ያየዋል? በስንት ቀን ይስተካከላል? የሚያርም ሰው በስም ካልተመደበ ወረቀትና ቻናል ይሻላል፤ ቢያንስ ያረጀ መሆኑ ያስታውቃል። የሚያምር ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ስህተት ግን የታመነ ስህተት ነው።

ፍለጋውንም ሞክሩት። አንዱ «ኃይል» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይል» ብሎ ሲፈልግ ብዙ ሶፍትዌር አያገኝለትም። ስለዚህ በስም ከመፈለግ ይልቅ ለእያንዳንዱ ማሽን ቁጥር ስጡት፤ ፓኔሉ ላይም፣ መመሪያው ላይም፣ መጋዘን ካርዱ ላይም ያው ቁጥር ይሁን።

እንግዲህ የኔን ፍርድ ካላችሁ፤ የጥገና ክፍሉ ጥቂት ሰው ብቻ ከሆነ ወረቀትና ኪውአር ኮድ ይዞ ይጀምር። ቋንቋው የተቀላቀለ፣ የሚለካ ነገር የበዛ፣ ኔትወርክ የሚያስቸግር ከሆነ ፎርም። የመለዋወጫ መጋዘኑ ራስ ምታት ከሆነበትና ቋሚ የጥገና እቅድ አውጪ ካለው ሲኤምኤምኤስ። እቅድ አውጪ ሳይቀጥሩ ሲኤምኤምኤስ መግዛት ግን ትርፉ የይለፍ ቃል መርሳት ነው።

ከመፈራረማችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። አንድ መመሪያ ብቻ በተመረጠው መሣሪያ አዘጋጁ። ያንን ማሽን ነክቶ ለማያውቅ፣ ግን ሙያው ላለው የሌላ ክፍል ቴክኒሻን ስጡት። ጋሼ አጠገቡ ይቁሙ፤ አደጋ ካላዩ በስተቀር አይናገሩ። በተቆለፈ ማሽን ላይ ይሥራ። የቆመበትን፣ ወደ ኋላ የተመለሰበትን፣ ዞር ብሎ ጋሼን ያየበትን ደረጃ ጻፉ። ከዚያ ሻጩን ጥሩና እነዚያን ደረጃዎች እዚያው፣ በእናንተው ቴክኒሻን እጅ፣ እንዲያሳርም ጠይቁት። ለማረም ወደ ዋናው ቢሮ መደወል ካስፈለገው ዋጋው ላይ አትከራከሩ፤ ሌላ ሻጭ ጥሩ።